ሎሚ፣ ቡና፣ ጆንያ

«ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?»

ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው ጅማን በዓይኑ አይቷት አያውቅም ብል ኃጢአት አይሆንብኝም። እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት በጅማው በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ ያለ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ቤት ነው። ፎቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ደረጃው እንኳ አንድ ነው፤ እሱም ተሰንጥቋል። እኔ ግን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ እርሳሴን ይዤ፣ ሳልስቅ «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» ማለት አለብኝ። አንዲት የሊሙ እናት ይህን ስጠይቃቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ፤ ከዚያም አጠገባቸው ወደቆመችው ልጃቸው ዞረው «ይቺ ልጅ ደህና ናት?» አሏት። ከዚህ የበለጠ ጤነኛ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ነጥብ ግን አልሰጠኋቸውም፤ ለእንዲህ ያለ መልስ የተዘጋጀ ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም።

ነርስ ነኝ፤ ግቢው ውስጥ «ሲስተር» ነው የምባለው። ብዙ ዓመት ሆስፒታል ስሠራ ቆይቼ፣ እግሬ ማበጥ ሲጀምር፣ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ጸጥ ያለ ሥራ እሠራለሁ ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ጸጥታውን አላየሁትም። ያገኘሁት ሥራ አዲስ የገቡትን አረጋውያን በመጀመሪያው ሳምንት የማስታወስ ችሎታቸውን መመዘን ነው። ቀኑን፣ ወሩንና ያሉበትን ቦታ እጠይቃለሁ፤ ሦስት ቃል ነግሬ ቆይቼ እንዲመልሱልኝ አደርጋለሁ፤ ትንሽ ቁጥር አስቀንሳለሁ፤ ሰዓት አሥላለሁ። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምሳ ሰዓቱ በደረሰበት ሰው የተተረጎመ ይመስለኛል። «ከአራቱ ወቅቶች በየትኛው ላይ ነን?» ይላል። ጅማ ውስጥ ወይ እየዘነበ ነው፣ ወይ ሊዘንብ ነው። ዕድሜ ልካቸውን መኮትኮቻ እንጂ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ አባት የሰዓት ክብ እንዲሥሉ ስጠይቃቸው፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ሲል እያየሁ «አይዞዎት» እላለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ግን ወረቀቱን እቀደዋለሁ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ከወረቀቱ ግርጌ የሚጻፈው ቁጥር የሰውን ማደሪያ ባይወስን። ግቢያችን ሁለት ቤት አለው። የፊተኛው ቤት በሩ ክፍት ነው፤ ነዋሪዎቹ ወጥተው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፣ ሱቅ ይሄዳሉ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመጣሉ። የኋላው ቤት የብረት በር አለው፤ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ አባት ቤታቸው የሄዱ መስሏቸው ወጥተው፣ ባጃጅ ገጭቷቸው ነበርና ከዚያ ወዲህ የሚረሱ ሰዎች ከኋላ እንዲያድሩ ደንብ ወጣ። ደንቡን ያወጡት ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ጠልቻቸው እገላገል ነበር።

አረጋውያኑ ደግሞ የፊተኛውንና የኋላውን ቤት ልዩነት ገና ሻንጣቸው ሳይፈታ ያውቁታል። በረንዳው ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ የግቢው ወሬ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ቢሮዬ የዱቄትና የሳሙና መጋዘን ስለሆነ እኔም ምዘናውን የማካሂደው እዚያው በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው አጠገብ ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዷን እናት «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ስላቸው ከጀርባዬ ተንከባካቢዋ ልጅ በከንፈሯ «ማ-ክ-ሰ-ኞ» ትላለች። ዞር ስል መወልወያዋን ይዛ ወለል ታያለች። ስቆጣት «ሲስተር ደሞ! አንድ ቀን ብትነግሪያቸው ምን ትሆኛለሽ? ሼም ነው እኮ ትልቅ ሰው ማፋጠጥ» ትለኛለች። አብሮ የመጣ ዘመድ ካለማ በቃ፣ መልሱን ሁሉ እሱ ነው የሚመልሰው። ፈተናውን አልፎ የሚመጣውም እሱ ነው።

በጣም የተናደድኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ለማስታወስ የምሰጣቸው ሦስት ቃላት ማንኪያ፣ በር፣ ዝናብ ነበሩ። አንድ ከጌራ የመጡ አዲስ አባት ፊቴ ተቀመጡ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ወረቀቴን ሳልገልጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ማንኪያ፣ በር፣ ዝናብ» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። አስተምረዋቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ቃል መፍጠር ግዴታ ሆነብኝ።

ሐጂና እማማ የመጡት በሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሰሞን ነው። ሐጂ በአጋሮ የታወቁ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ከገበሬው እሸት ቡናና ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ሰብስበው፣ እሸቱን በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው ወደ ጅማ ያቀርቡ ነበር። እማማ ባለቤታቸው ናቸው፤ ትንሽ፣ ደረቅ ያሉ፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው የሚያስሩ ሴት። ልጅ አልወለዱም። ያመጣቸው የሐጂ የወንድም ልጅ ነው፤ መርካቶ እህል የሚሸጥ፣ ስልኩ ከጆሮው የማይወርድ ጎልማሳ። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ እኔን ወደ ጎን ስቦ አስረዳኝ።

«ሲስተር፣ ሐጂ ምንም አይሉም፣ ማሻአላህ፣ አእምሯቸው ምላጭ ነው። ችግሩ እሷ ጋ ነው። ትረሳለች። አንድ ነገር መቶ ጊዜ ትጠይቃለች። ‹ሐጂ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው አይደል? ሐጂ፣ አሁን ዙሁር ሰግደናል አይደል? ሐጂ፣ ይሄ የወንድምዎ ልጅ ነው አይደል?› እኔን እኮ ነው! ወላሂ ጨርሳለች።»

አመንኩት። ለምን አላምነውም? ሐጂ ነጭ ኮፊያቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው እየተራመዱ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላም አሉኝ። እኔን፣ ልጆቼን፣ ጎረቤቴን፣ ዝናቡን፣ የአገሩን ሰላም ሁሉ ጠየቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ እያንዳንዱን መልሴን ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ምን ይረሳል? እማማ ከኋላቸው ሆነው «ሐጂ፣ ሲስተሯ ናት አይደል? የዚህ ቤት ሐኪም ናት አይደል?» አሉ። ሐጂ «ኤዬ፣ ሐኪሟ ናት» አሏቸው በትዕግሥት። የወንድም ልጅየው «አየሽ?» በሚል ዓይን አየኝ።

ለባልና ሚስት የምትሆን አንዲት ክፍል ከፊተኛው ቤት ስለነበረች እስኪመዘኑ እዚያ ገቡ። ጥቂት ቀን አየኋቸው። እማማ እውነትም ቀኑን ሙሉ ይጠይቃሉ። ምሳ ሲቀርብ «ሐጂ፣ ቁርስ በልተናል፣ ይሄ ምሳ ነው አይደል?» ይላሉ፤ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ «ሐጂ፣ የኛ በር አረንጓዴው ነው አይደል?» ይላሉ። ሐጂ ሁሌም «ኤዬ» ይላሉ። እኔም የሚረሳ ሰው እንዲህ አስተካክሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅምና አንድ ነገር ውስጤን ከነከነኝ። እኚህ ሴት ጥያቄ አይጠይቁም። መልስ ነው የሚናገሩት፤ ጫፉ ላይ «አይደል?» ይቀጥሉበታል እንጂ።

ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ሐጂን ለብቻቸው በረንዳው ላይ አስቀመጥኩ። እማማ አጠገባቸው ሊቀመጡ ሲሉ «እማማ፣ እባክዎ ዛሬ እርስዎ አይናገሩ» አልኳቸው። አላቅማሙም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠው ሙስበሃቸውን ዶቃ በዶቃ መቁጠር ጀመሩ።

«ሐጂ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ወደ እማማ ዞሩ። እማማ ዝም። «ሐሙስ» አሉ ሐጂ። «ገበያው አይደል?»

«ወሩስ?»

«ኅዳር።» ዝናቡን ሰሙት፤ ፊታቸው ተለወጠ። «በኅዳር ዝናብ? ይሄማ ቡናውን ያበላሸዋል። አልጋው ላይ ያለውን ሸፈኑት?»

ያለንበትን ቦታ ጠየቅኳቸው፤ አጋሮ፣ መጋዘኑ በር ላይ ነን አሉ። ስለ ፎቁ አልጠየቅኳቸውም፤ ያንን ጥያቄ በራሴ ሥልጣን ሰርዤዋለሁ። ወንበር፣ ሎሚ፣ መንገድ የሚሉ ቃላት ሰጠኋቸው። ከሃያ ላይ ሦስት ሦስት እየቀነሱ እንዲሄዱ ስነግራቸው «አሥራ ሰባት፣ አሥራ አምስት፣ አሥር» አሉና ቆሙ። «ጆንያው ተመዝኗል?» ብለው ጠየቁኝ። ቃላቱን እንዲመልሱልኝ ስጠይቃቸው ኮፊያቸውን ነካክተው፣ ብዙ አስበው «ሎሚ» አሉ። ቀጥለው «ቡና»፣ ቀጥለው «ጆንያ» አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው ልጆቼን እንደገና ጠየቁኝ። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን በላችው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እጃቸው ባዶ መሆኑን በሰላምታ ሊሸፍኑት ሞከሩ።

የረሱት ሐጂ ናቸው። እማማ በየደቂቃው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰውን ማንነት ጮክ ብለው የሚናገሩት ሐጂ እንዲሰሙና እንዳይሳሳቱ ነው። ይህን ለስንት ጊዜ ሲያደርጉት እንደኖሩ አላውቅም፤ በዚያ ምክንያት አገሩ ሁሉ እሳቸውን «ጨርሳለች» ሲል፣ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው» አላሉም። እኔ ባሌ «ጨው ረሳሽ» ቢለኝ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምመልስለት።

ወረቀቱ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ሐጂ ወደ ኋላው ቤት ይሄዳሉ፤ እማማ ጤነኛ ከሆኑ ከፊት ይቀራሉ። ሌሊቱን እንዴት እንደሚለያዩ ሳስብ አደርኩ ብል ውሸት ነው፤ ደክሞኝ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን እንደተቆጣሁ ነው የነቃሁት።

ረቡዕ የእማማ ተራ ሆነ። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አነባብረው ተቀመጡ። ለመዘጋጀት ብዬ ጫማ፣ ውሃ፣ መስኮት የሚሉ አዳዲስ ቃላት መርጬላቸዋለሁ።

«እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ» አሉ። «ገበያው አይደል?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «ወሩስ?»

«ኅዳር።» ጆሯቸውን ወደ ዝናቡ አዘነበሉ። «በኅዳር ዝናብ? ይሄማ ቡናውን ያበላሸዋል። አልጋው ላይ ያለውን ሸፈኑት?»

ቦታውን ጠየቅኳቸው። አጋሮ፣ መጋዘኑ በር ላይ። ከሃያ እንዲቀንሱ ነገርኳቸው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ አምስት፣ አሥር፤ ከዚያ ቆም፤ ከዚያ «ጆንያው ተመዝኗል?»

«እማማ፣ ቅድም የሰጠሁዎትን ሦስት ቃላት ይንገሩኝ።»

ራሳቸውን ነካክተው፣ ብዙ እንዳሰበ ሰው ዘገዩና «ሎሚ፣ ቡና፣ ጆንያ» አሉኝ።

እርሳሴን ወረወርኩት። እውነቴን ነው፤ አግዳሚው ሥር ነው የተገኘው። «እማማ! ሎሚን ከየት አመጡት? እኔ ለእርስዎ ሎሚ አልኩ? ጫማ፣ ውሃ፣ መስኮት ነው ያልኩት! ሎሚ የትናንት ነው፣ ሎሚ የሐጂ ነው!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ተንከባካቢዋ ልጅ መወልወያዋን ይዛ ደረቀች። እማማ ብቻ አልደነገጡም።

«አትጩሂ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሐጂ ያሉትን ነው ያልኩት።»

«የተሳሳተውን ነዋ! አንድ ሳይቀር! ጀርባዎን ሰጥተው ተቀምጠው፣ አንዴ ሰምተው፣ ቀን አሳድረው፣ ቃል በቃል መለሱልኝ። እኔ ወረቀት ሳላይ አልመልሰውም! በዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ እንደ እርስዎ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እርስዎ ግን ረሳሁ ይሉኛል!»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐጂ በሰው ፊት ሐሙስ ነው ብለዋል። እኔ ረቡዕ ነው ልበል? እሳቸው ኅዳር ካሉ እኔ ሰኔ ልበል? ከተጋባን ጀምሮ በሰው ፊት ቃላቸውን መልሼባቸው አላውቅም። ቡና ሲገዙ ቢሳሳቱ እንኳ ቤት ገብተን ነው የምነግራቸው። ዛሬ በአንቺ እርሳስ ላዋርዳቸው?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የክብር ጉዳይ አይደለም። እውነቱን ካልነገሩኝ ከኋላ ያስገቡዎታል። በሩ በውጭ ነው የሚዘጋው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የት ይመስልሻል የምሄደው ታዲያ? እሳቸው ማታ ሲነቁ የት እንዳሉ የሚነግራቸው ማነው? ይቺ ልጅ ናት?» መወልወያ ወደያዘችው ልጅ በአገጫቸው አመለከቱ። «‹የት ነው ያለሁት?› ብለው አይጠይቁም እኮ። ያፍራሉ። እኔ ነኝ ሳይጠይቁ የምነግራቸው።»

ከሦስት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ሦስቱም ያቃጥላሉ። እውነቱን ብጽፍ ሁለቱን አለያያለሁ። እማማ እንደመለሱት ብጽፍ ጤነኛ ሴት ላይ የብረት በር አስዘጋለሁ። የሐጂን ባሳምረው ደግሞ ሐጂ አንድ ቀን ገበያ ነው ብለው በክፍቱ በር ወጥተው ባጃጅ ሥር ይገባሉ። አግዳሚው ሥር ጎንበስ ብዬ እርሳሴን ስፈልግ እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው። እውነቱን ጻፍኩና ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩ።

«ሁለቱንም ከኋላው ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያድርጓቸው» አልኳቸው። «እማማ ጤነኛ መሆናቸው ግን ይታወቅ። በሩ አይዘጋባቸው።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አዩ። «ሲስተር፣ ጤነኛ ሰው ከኋላ አይገባም። ነገ አንዱ መጥቶ ‹ደህናውን ሰው ቆለፋችሁበት› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ስለዚህ ያለያዩዋቸዋል?»

«እኔ ሳልሆን ደንቡ ነው። ቀን ቀን እየሄዱ ይጠይቋቸው።»

«ማታስ?»

«ማታ ሰው ይተኛል።»

ይህችን መልስ ስሰማ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጠረጴዛቸውን መታሁት። ብዙ ተናገርኩ። ስለ ፎቁ ጥያቄ ተናገርኩ፣ ስለ አራቱ ወቅቶች ተናገርኩ፣ ቢሮዬ ውስጥ ስለተከመረው ሳሙና ሳይቀር ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ገባኝ፤ ግን በምን ስም ላስገባቸው? ነዋሪ ከሆኑ ነዋሪ ናቸው፣ ሠራተኛ ከሆኑ ሠራተኛ። ሌላ ምን አለ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የሆስፒታሉ ዕድሜዬ የጠቀመኝ። አገራችን ውስጥ የትኛው በሽተኛ ነው ለብቻው የሚተኛው? አልጋው ላይ አንድ ሰው ቢተኛ፣ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ የሚያድር አንድ ሰው አለ። ምግብ የሚያጎርሰው፣ መድኃኒት የሚገዛለት፣ ሐኪም ሲመጣ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ዘበኛ ቢያባርረው በሌላ በር ይገባል። ለሥራ አስኪያጁ የማያውቁትን ነገር የምነግራቸው አይመስለኝም ነበር፤ ግን ሁለታችንም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብነውም።

«አስታማሚ» አልኳቸው። «እማማ አስታማሚ ናቸው። ሐጂ ታመዋል፣ ያስታምሟቸዋል። የትኛው ደንብ ነው አስታማሚን የሚከለክል?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አስታማሚ ላይ በር አይዘጋም» አሉ በራሳቸው ጊዜ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ቁልፍ ሊኖራቸው ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው «ጠረጴዛዬን ግን ሁለተኛ እንዳትመቺ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው፤ እጄም አሞኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ የኋላው ቤት መቀርቀሪያ ተነቅሎ በምትኩ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት ቁልፍ ተገጠመለት። አንደኛው ቁልፍ እማማ አንገት ላይ በክር ታስሮ፣ ከሻርፓቸው ሥር ተቀመጠ። ሐጂ ስለ ቁልፉ ጠይቀዋቸው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ተያይዘው ይወጡና ግቢውን ዞረው፣ በመንገዱ ዳር ቆመው ሰው ሰላም ብለው ይመለሳሉ። «ሐጂ፣ አሁን ወደ ቤት እየገባን ነው አይደል?» ሲሉ እሰማለሁ። የወንድም ልጅየው አንድ ቀን መጥቶ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና «አልተሻላትም እንዴ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እማማ ከሩቅ አዩኝ። ዘጋሁት።

በደንቡ መሠረት ምዘናው ከወራት በኋላ ይደገማል። የሐጂ ተራ ደረሰና ከኋላው ቤት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እማማ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሐጂ፣ በየትኛው ወር ላይ ነን?»

«ኅዳር» አሉ።

ልክ ናቸው። ኅዳር ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቡና የጫነ መኪና ሲያልፍ እንኳ አይተዋል። ወረቀቱ ነጥብ ስጫቸው አለኝ፣ ሰጠኋቸው። ዓመቱን ሙሉ ኅዳር ላይ ቆመው ጠብቀው፣ ኅዳር ራሱ ወደሳቸው ሲመጣ ነጥብ አገኙ። ይህን ለማን አቤት እንደምል አላውቅም።

ወረቀቴን ሳጣጥፍ ሐጂ እጅጌዬን ያዙኝ። ወደ እማማ አዩ፤ እንደማይሰሙ ሲያረጋግጡ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ኢንታላ ኮ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ። ይቺ ሴት ትረሳለች።»

«ማን? እማማ?»

«ኤዬ። ቀኑን ትጠይቀኛለች፣ ወዲያው መልሳ ትጠይቀኛለች። በራችንን እንኳ አታውቀውም። እኔ እንዳታፍር ብዬ እንደ አዲስ እመልስላታለሁ። ሰው ፊት አላሳጣኋትም።» እጅጌዬን ጠበቅ አደረጉት። «እዚህ አገር የሚረሱ ሰዎችን የሚዘጉበት የኋላ ቤት አለ ይላሉ። ለማንም አትንገሪብኝ። ከወሰዷት የት እንዳለች ማን ይነግራታል?»

ሥራ አስኪያጁ ላይ የጮኽኩት፣ እማማ ላይ የጮኽኩት ጩኸት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። «አልናገርም ሐጂ» አልኳቸው። «ማንም አይወስዳቸውም።»

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ቀና ብለው ተቀመጡ።

እማማ ሳይዞሩ፣ ሙስበሃቸውን ሳያቋርጡ «ሐጂ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል?» አሉ።

«ኤዬ፣ ረቡዕ ነው» አሏቸው ሐጂ በትዕግሥት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አየሽ?» በሚል ዓይን አዩኝ።